ደብረ ዳሞ፦ ገመዱና ግንባታው

ጥያቄ፦ ትግራይ ያለውን የደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ ስንወጣ ምን እንጠንቀቅ? ቤተ ክርስቲያኑስ እዚያ አምባ ላይ እንዴት ተሠራ?

መልስ 1፦ ገደሉ 15 ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ገመድ ወገብ ላይ ይታሰርና ከላይ ይሳባል፤ ሌላው፣ የተገመደው ጠፍር፣ በእጅ የሚጨበጥ ነው። ደረታችሁን ከዓለቱ አታጣብቁ፤ እግር ይንሸራተትና ጉልበት ይላጣል። ወደ ኋላ ለጠጥ ብላችሁ ዓለቱን በሙሉ እግር ርገጡ። ሴቶች አይወጡም።

መልስ 2፦ የገዳሙ መሥራች አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ጅራት ወጡ ይባላል። ለግንባታው ግን ዐፄ ገብረ መስቀል መወጣጫ አሠርተው፣ ሥራው ሲያልቅ «ዳህምሞ»፣ አፍርሰው ማለት ነው፣ ተባለ። የቦታው ስም ከዚያ ነው ይላሉ አባቶች።

መልስ 3፦ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ሳታዩ እንዳትወርዱ! ድንጋይና እንጨት ተራ በተራ ተነባብሯል፤ ወደ ውጭ ብቅ ያሉት ክብ ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ፤ ግድግዳውን ከውስጥ ከውጭ ጠፍረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። የጣሪያው እንጨት ላይ የተቀረጹትን እንስሳትም ቀና ብላችሁ እዩ።