አናቶሚ አልያዝ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች፣ ሐረር ጤና ሳይንስ አንደኛ ዓመት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰውነት ክፍሎችን ስም ስሸመድድ እውላለሁ፣ ማታ ሁሉም ይጠፋብኛል።

መልስ፦ አይዞህ። ስሙን ከሥራው ጋር አያይዘው። እኔ ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝቼ ለሁለት ሰነጠቅኩት። የግራው ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል፤ ቀኙ ደሙን እዚያው አጠገቡ ላለው ሳንባ ነው የሚገፋው፣ ግራው ግን እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። ከዚያ ወዲህ አራቱ ክፍሎች ተምታተውብኝ አያውቁም።

መልስ፦ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን እንደምትናከስና ቤት በተጠራቀመ ውሃ እንደምትራባ ስማር፣ እናቴ በርሜሉን ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምትከድን ገባኝ። የሰፈርህን በሽታ ይዘህ አጥና፣ አይረሳህም።

ጠያቂው፦ ተባረኩ! ልቡን ነገ እገዛለሁ። በምላጭ ነው?

መልስ፦ ስለታም ቢላ ይሻላል። ጓንት አድርግ።