የማድረቂያ አልጋው በአንዱ ቀበሌ ተስፋፋ፣ በሌላው ማገዶ ሆነ፤ ለምን?

መና_ልማት፦
ሰላም ለሁላችሁ። በመና ወረዳ በሁለት አጎራባች ቀበሌዎች ቀይ እሸት ብቻ መልቀምንና ቡናን አልጋ (ከአጣናና ከሽቦ የተሠራ ከፍ ያለ ማድረቂያ) ላይ ማድረቅን እናስተምራለን። ሥልጠናው አንድ ነው፣ ሽቦውም የመጣው በአንድ መኪና ነው። በአንደኛው ቀበሌ አልጋ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። በሁለተኛው አሁንም ቅርንጫፉን ሸምጥጠው ያወርዱታል፣ መሬት ላይ ያሰጡታል፤ አጣናው ምድጃ ገብቷል። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው ምክንያት «የግንዛቤ እጥረት» ነው። ቀይ ቡና እንደሚሻል የማያውቅ የጅማ ገበሬ ግን እስካሁን አላየሁም። አዲስ አሠራር አንዱ ጋ ሥር የሚሰደው፣ ሌላው ጋ የሚቀረው በምንድን ነው? ለሚቀጥለው ለቀማስ ከየት ልጀምር?

አጋሮ_መዝገብ፦
ሦስት ነገር አጣራ። ክረምት ላይ የሚያበድራቸው ማን ነው? ለቃሚ የሚከፈለው እንዴት ነው? ጎረቤት ሲሸመጥጥ ዛፍ ላይ የቀረውን ማን ይጠብቀዋል?

ሐምሌና ነሐሴ እህል ያለቀበት ቤት ከሰብሳቢ (ቡና ከሚገዛ ነጋዴ) ገንዘብ ይወስዳል። ያ ቡና ገና አረንጓዴ ሆኖ ተሸጧል። አበዳሪው የሚፈልገው ቶሎ እንዲደርስለት እንጂ እንዲቀላ አይደለም። የገበሬዎቹ ማኅበር በክረምት ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት ካልቻለ የጥራት ሥልጠናው ለሰብሳቢው ባለዕዳ ነው የተሰጠው።

ለቃሚውን ደግሞ እንዲህ አስላው። ቀይ የሚመርጥ ሰው ወደ አንድ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል፤ በቀን የሚያወርደው የሸምጣጩን ግማሽ ቢሆን ነው። የኪሎ ክፍያው ያው ከሆነ ለምን ብሎ ይመርጣል? ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ እሸት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ አንድ ፈረሱላ፣ ማለትም 17 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ስለዚህ በ100 ኪሎ ለቀማ ላይ የምትጨምረው ክፍያ በአንድ ፈረሱላ ላይ ከሚገኘው የዋጋ ልዩነት ማነስ አለበት። ካላነሰ ገበሬው ልክ ነው፤ ስህተቱ ከሥልጠናው ነው።

መልኮ_ማዶ፦
ከዚሁ ከጅማ አንድ ማነጻጸሪያ አለ። ሲቢዲ የሚባለው ፍሬ አጥቂ በሽታ ወደ አገራችን የገባው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በመልኮ የምርምር ማዕከል በሽታውን ከተቋቋሙ እናት ዛፎች የተመረጡት 741፣ 74110፣ 74112፣ 74148 የመሳሰሉት ዝርያዎች በየጓሮው ገቡ። ችግኝ የራስ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል፤ የጎረቤት ፈቃድ አይጠይቅም። ጥቅሙንም ሰው በአጥሩ ላይ አሻግሮ ያየዋል፤ የአንዱ ፍሬ ጠቁሮ ሲረግፍ የሌላው ቆሞ ይቀራል።

አልጋ ከዚህ ትንሽ ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያገላብጥ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ የሚሸፍን ሰው ቤት መኖር አለበት። ቀይ ለቀማ ደግሞ የሰፈሩን ሁሉ ስምምነት ይፈልጋል። ጎረቤት በጥቅምት ሸምጥጦ ከጨረሰ በኅዳር ዛፍህ ላይ የቀረው ለሌባ ይመቻል። እናንተ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ እንደ አንድ ነገር ነው የምታስተምሩት። ለየብቻ ያዟቸው።

ሽቦና_አጣና፦
ወደ ማገዶው ልምጣ። ለአንድ ቤት ስንት አልጋ ነው የሰጣችሁት? አንድ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው።

1.2 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ያለው አልጋ 12 ካሬ ሜትር ነው። እሸት በ3 ሴንቲሜትር ውፍረት ሲሰጣ ካሬ ሜትሩ 18 ኪሎ ገደማ ይይዛል፤ በጠቅላላው 215 ኪሎ አካባቢ። ሳይታጠብ የሚደርቅ ቡና ፀሐይ ካገኘ ከ15 እስከ 20 ቀን ይቆያል፤ የጥቅምት ዝናብ ካረፈበት ከዚያም በላይ። በየሳምንቱ 200 ኪሎ የሚለቅም ቤት የመጀመሪያው ዙር ሳይነሳ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይደርሱበታል። ሦስት አልጋ ከሌለው ሁለተኛው ዙር መሬት ላይ ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ አንድ ጆንያ ውስጥ ይቀላቀሉና የሚሸጡት በመሬቱ ዋጋ ነው። ያኔ አጣናው ከማገዶ በቀር ምን ይሠራል?

ሌሎች የሚበላሹበት መንገዶች፦ ቋሚው ከ2 ሜትር በላይ ከተራራቀ ሽቦው ይረግባል፤ ቡናው መሐል ላይ ይከማችና ይሻግታል። የባሕር ዛፉ እግር የተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ ምስጥ ይጨርሰዋል። ላስቲክ በቀጥታ ቡናው ላይ ከተጣለ ከሥሩ ያልበዋል፤ ከፍ ባለ ቅስት ላይ ይወጠር ወይም ከላስቲኩ በታች ጆንያ ይነጠፍ። ከፍታው ከ80 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ቢሆን አየር ከሥር ያልፋል፣ ዶሮም አይደርስበትም። ጀንፈሉ (ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና) ከ12 በመቶ እርጥበት በታች ካልወረደ ወደ መጋዘን አይግባ። ሲነቀንቁት መንቀጫቀጡ ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን የእርጥበት መለኪያውን አይተካም፤ አንድ መለኪያ ለቀበሌ ይበቃል።

ጌራ_ወንዝ፦
ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ፤ እሸት ተቀብሎ የሚፈለፍለውና የሚያጥበው ማጠቢያ ጣቢያ ምን ያህል ይርቃል? እሸት ከተለቀመ በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተፈለፈለ ገና ከጆንያው ሳይወጣ መፍላት ይጀምራል። ጣቢያው ቅርብ ሆኖ የዚያኑ ዕለት ማታ ቀዩን ብቻ መዝኖ ከከፈለ ቀይ ለቀማ ያለ ሥልጠና ይስፋፋል። አጋሮ አካባቢ ያለው ዱሮሚና ማኅበር በ2010 እ.ኤ.አ. ተደራጅቶ የራሱን ማጠቢያ አቆመ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ቡናው በአፍሪካ ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊት የዚያ አካባቢ ቡና አብዛኛው መሬት ላይ ደርቆ በርካሽ የሚሸጥ ነበር። ዛፉም ገበሬውም ያው ናቸው።

ጣቢያ የራሱን ጣጣ እንደሚያመጣም እወቁ። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ነው፤ ወንዝ ዳር ከተከመረ ከታች ያለው ሰፈር ውኃውን አይጠጣውም፣ ጠቡም ሌላ ነው። ጉድጓዱና የኮምፖስት ቦታው ከማሽኑ በፊት ይቆፈር።

ቆጪ_ሰፈር፦
ስለ ክፍያ ልጨምር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ብዙ ማኅበር በስልክ መክፈል ይፈልጋል። ገንዘብ ተሸክሞ ማደር ስለሚቀር ጥሩ ነው፤ *127# ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ግን ማን ምን ያገኝ እንደነበረ እዩ። እናቶች ከጓሮ የለቀሟትን ጥቂት ኪሎ ገበያ ወስደው ብሩን በእጃቸው ይዘው ይመለሱ ነበር፤ የዕቁብና የደብተር ገንዘብ ከዚያ ነው የሚወጣው። ክፍያው ሁሉ በአባወራው ስልክ ሲገባ ያ ገንዘብ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እማወራዋ አልጋው ላይ ቀኑን ሙሉ የምታገላብጥበት ምክንያት የለም፤ አልጋው የሚቆመው ደግሞ በእሷ ጉልበት ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው በአባልነት ይመዝገብ፣ ደረሰኙ እሸቱን ባመጣው ሰው ስም ይቆረጥ።

መና_ልማት፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን አየሁት፤ ሁለቱም ቀበሌ ለየቤቱ የተሰጠው አንድ አልጋ ነው። በመጀመሪያው ግን በዳዶ (በተራ በጉልበት መረዳዳት) እየተጋገዙ የቀረውን ከራሳቸው ቀርከሃ ሠርተውታል፤ ማጠቢያውም እነሱ ጋ ይቀርባል። ጣቢያ መትከል ከእኔ አቅም በላይ ነው። ያለ ጣቢያ ምን ልሞክር?

አጋሮ_መዝገብ፦
ጣቢያ ከሌለ እሸት መሸጡን ተወውና ጥሩ ጀንፈል ላይ አተኩር። ከመስከረም በፊት በዕድሩ ስብሰባ የለቀማ መጀመሪያ ቀን አስወስን፤ ቅጣቱንም ዕድሩ ራሱ ይወስን፣ ወረዳ አይግባበት። ጥበቃው ለጎጥ በተራ ይሁን። ሽቦውን ለሁሉም አንድ አንድ ከማደል በአንድ ጎጥ ተጠጋግተው ላሉ አሥር ቤቶች ሦስት ሦስት ስጥ። የነሱን ጀንፈል ከመሬቱ ሳትቀላቅል ለብቻው ጫን፤ የሁለቱን ዋጋም በዚያው ዕድር ፊት አስነብብ።