የቆረጥኩት ቀበቶ ለምን ይጎብጥብኛል?

ጀማሪው_ከጅማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቆዳ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። እስካሁን የኪስ ቦርሳ ነበር የምሠራው፣ እሱ አላስቸገረኝም። አሁን ቀበቶና የቦርሳ ማንገቻ ልቁረጥ ብዬ ግማሽ የበሬ ቆዳ ከሞጆ በሰው አስመጣሁ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ተኩል አካባቢ ነው፣ ለኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ወለል ላይ ዘርግቼ በ30 ሳንቲ ማስመሪያ እያስጠጋሁ አሰመርኩና በካተር ቆረጥኩ። ሦስት አወጣሁ፣ ሦስቱም እንደ ማጭድ ጎበጡ። አንዱ ጫፉ ላይ 4 ሳንቲ ነው፣ መሃሉ ላይ 3 ተኩል። እጄ ነው ወይስ ቆዳው? የቀረውን ከመንካቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

ቦርሳ_ሰፊዋ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እጅህ ምንም አልሆነም። ማስመሪያህ ነው ያጠረው። አንዱን ማስመሪያ አራት ጊዜ ስታስጠጋ በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይዞራል፣ ሜትር ላይ ስትደርስ ያቺ ትንሽ ተደምራ ጉብጠት ሆና ታገኛታለህ። ከምትቆርጠው የሚረዝም አንድ ወጥ ነገር ያስፈልግሃል። በርና መስኮት የሚሠሩ አልሙኒየም ቤቶች ጋ ሄደህ ቁራጭ ፕሮፋይል ጠይቅ፣ 1 ሜትር ተኩል ይበቃሃል።

ግን ዝም ብለህ አትመነው። ኮምፐርሳቶ ላይ አስቀምጠህ በቀጭን እርሳስ አስምር። ከዚያ ወደ መስመሩ ሌላኛው ወገን አዙረውና ያንኑ ጠርዝ አስጠግተህ ድጋሚ አስምር። ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ ከተለያዩ ፕሮፋይሉ ራሱ ጎብጧል፣ ሌላ ፈልግ።

ስትቆርጥ ሁለቱን ጫፍ በሞርሳ እሰረው፣ ቆዳው እንዳይነደል ከሞርሳው ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ አድርግ። በአንዴ ልጨርስ ብለህ አትጫን። መጀመሪያ ቀለል አድርገህ መንገድ አውጣ፣ ከዚያ በዚያው ሁለቴ ሦስቴ ድገም። ካተሩን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ወደ ጎን ካዘነበለ የላዩና የታቹ ስፋት አይገጥምም። የምላጩን ጫፍ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስበር። የዶለዶመ ምላጭ ቆዳውን ከመቁረጥ ይልቅ ይጎትተዋል።

የጋሪ_እቃ፦
ልጄ፣ እሷ ያለችው ልክ ነው። ግን ከየት በኩል ነው የቆረጥከው? እኔ ለጋሪ ፈረስ እቃ ስቆርጥ ዓመታት አልፈዋል፣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ቆዳ ሁሉ ቦታው አንድ አይደለም። ጀርባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሆዱ ልል ነው። በሁለት ጣትህ ይዘህ እጠፈው። የሆዱ ወዲያው እጥፍ ይልና ላዩ ላይ ሰፋ ሰፋ ያለ ሽብሽብ ይወጣል፣ የጀርባው ግን ጣትህን ይገፋሃል። አንድ ጠርዙ ወደ ሆድ የሄደ ቀበቶ በዚያ ወገን ብቻ ይለጠጣል። ማስመሪያህ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከጊዜ በኋላ ይጎብጣል።

ስለዚህ ከጀርባ አጥንቱ መስመር ጀምር፣ ከሱ ትይዩ እየቆረጥክ ወደ ሆድ ውረድ። ሆዱ ጋ ስትደርስ አቁም፣ እሱ ለቁልፍ መያዣና ለትንንሽ ነገር ይሆንሃል።

የአልጋ ጠፍር ሲቆረጥ አይተህ ከሆነ ደግሞ በሱ እንዳትሄድ። ጠፍር ከቆዳው ዳር ተጀምሮ ዙሪያውን እየተዞረ ነው የሚወጣው፣ ለዚህ ነው ከአንድ ቆዳ ያን ያህል ርዝመት የሚገኘው። እሱ ጥሬ ቆዳ ነው፣ በእርጥቡ ተወጥሮ አልጋው ላይ ሲደርቅ ይቀናል። የለፋ ቆዳ እንደዚያ አይሆንልህም።

ጀማሪው_ከጅማ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው! ጥሩውን ለኋላ ልቆጥብ ብዬ ከሆዱ በኩል ነው የጀመርኩት። እህቴ አንቺንም በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ምላጭ የሚገባበት የእንጨት ቀበቶ መቁረጫ ጓደኛዬ ሊልክልኝ ነው። እሱ ከመጣ ማስመሪያው ይቀርልኛል?

ቦርሳ_ሰፊዋ፦
አይቀርልህም። መቁረጫው ስፋት ነው የሚጠብቅልህ። የቆዳውን ጠርዝ ተደግፎ ነው የሚሄደው፣ ጠርዙ ጎብጦ ከሆነ ጉብጠቱን ለሁሉም ቀበቶ ያወርሳል። የመጀመሪያዋን ጠርዝ በፕሮፋይሉ አቅናት፣ የቀረውን ለመቁረጫው ተውለት። ግራ እጅህ ቆዳውን ይያዝ እንጂ አይወጥረው፣ ቀኝህ ሳይቆም ወደራስህ ይሳብ። መሃል ላይ ከቆምክ እዚያው ቦታ ጥርስ ያወጣል።

የጋሪ_እቃ፦
ዝናብ ያረፈበትን ቆዳም እንዳትቆርጥ ልጄ፣ እርጥብ ቆዳ ሲስቡት ይለጠጣል። የኛ አገር ክረምት ታውቀዋለህ። ዘርግተህ ጥላ ውስጥ ይድረቅልህ።

ጀማሪው_ከጅማ፦
ተመልሻለሁ። በርጩማ የሚሠራ ጎረቤቴ ጠረጴዛውን አዋሰኝ። 1 ሜትር ከ40 ፕሮፋይል አግኝቼ ፈተንኩት፣ ደህና ነው። ከጀርባው በኩል ጠርዙን አቀናሁና አንድ 4 ሳንቲ ቀበቶ ቆረጥኩ። ዳርና ዳሩ ላይ ክር ወጥሬ አየሁት፣ መሃሉ ላይ ክፍተቱ 1 ሚሊ አይሞላም። ስፋቱን አምስት ቦታ ለካሁ፣ አንዱ ብቻ 3.9 መጣ። ያ ቦታ እጄን ያሳረፍኩበት ነው።

ቦርሳ_ሰፊዋ፦
ጎበዝ! ያቺን 3.9 የጠርዝ ማለስለሻው ላይ ታስተካክላታለህ። ሁለተኛውን እጅህን ሳታሳርፍ ሞክረው።