እማዬ «ሳልከፍል አልሳፈርም» ብላለች፤ ምን ልበላት?

ትልቋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ የምንኖረው ከትልልቅ ከተሞች ርቀን ነው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። አምና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጎላታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ችግሩ መንገዱ ነው። ሆስፒታሉ በመኪና ስድስት ሰዓት ይርቃል፣ ክትትሉ ደግሞ ማለቂያ የለውም። እኔ የሥራ ፈቃዴን አሟጥጫለሁ። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወሰድኳት። ከኋላችን የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያስል ነበር። ሰውነቷ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የምትወስደው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሟን ያወርደዋል። ሐኪሟ ይህን ሲሰማ የተቆጣው እኔን ነው።

ኋላ ሶሻል ወርከሯ አንድ ነገር ነገረችን። የራሳቸው ትንሽ አውሮፕላን ያላቸው፣ በሽተኛ በነጻ የሚያመላልሱ በጎ ፈቃደኛ ፓይለቶች አሉ አለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ፎርም ሞላን፣ ሐኪሟ ፈረመ፣ ፓይለት ተገኘ። በረራው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው።

አሁን ግን ቤታችን ውስጥ ሁለት ጠብ ገብቷል። አንደኛው የኪሎ ጉዳይ ነው። ፎርሙ የእማዬን ክብደት ይጠይቃል። «ምን አገባቸው?» አለች። ስጨቀጭቃት «140 ፓውንድ በይ» አለችኝ። 140 የነበረችው እኔን ሳትወልድ ነው።

ሁለተኛው የፖስታው ነው። ነዳጁን ከኪሱ የሚገዛው ፓይለቱ መሆኑን ስነግራት ጮኸች። «ምን በወጣው! የሰው ልጅ በገዛ ነዳጁ እኔን ይሸከማል? ሳልከፍል አልሳፈርም።» ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጋ አሽጋዋለች። ሶሻል ወርከሯ «እንዳትሰጡ» ብላለች። እማዬ ግን «ለወጉ ነው እንጂ ማን ገንዘብ ይጠላል» ትላለች። እውነት መስጠት አይቻልም? ወግ ነው ወይስ ሕግ? ደግሞስ አውሮፕላኑ አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለው አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ።

ባለ ሴስና፦

እህቴ፣ ሕግ ነው። እኔ ከእነዚህ ፓይለቶች አንዱ ነኝና ለእማማ ልክ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦ «ብሩን ከተቀበለ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቻችን ያለን የግል አብራሪነት ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ ሰው አሳፍሮ ክፍያ መቀበል በአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ ክልክል ነው። ለክፍያ ለመብረር ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ቁጥጥር አለ። በ2012 የወጣ ሕግ በረራውን የሚያስተባብረው ድርጅት ራሱ ለፓይለቱ የነዳጁን ወጪ እንዲተካ በር ከፍቷል። ከተሳፋሪ መቀበል ግን ያው ክልክል ነው። እኔ የነዳጁን ወጪ እንደ በጎ አድራጎት ልገሳ አድርጌ ከግብሬ ላይ አስቀንሳለሁ። ስለዚህ እማማ እንደሚያስቡት ያህል ጻድቅ አይደለሁም።

አንድ ሌላ ምስጢር ልንገርሽ። እኛ ፓይለቶች ለመብረር ሰበብ የምንፈልግ ሰዎች ነን። ቅዳሜ ጧት ተነስተን፣ አንድ ሰዓት በርረን፣ ቁርስ በልተን የምንመለስ ጉዶች ነን። ያ ነዳጅ ለማንኛውም ይቃጠል ነበር። እናትሽ ባዶውን ወንበር ሞሉልኝ ማለት ነው።

አንዴ አንድ ሽማግሌ ካደረስኩ በኋላ ነዳጅ ልቀዳ ስል ወንበሩ ሥር ገንዘብ ተጣጥፎ አገኘሁ። ደስ አላለኝም፣ ደነገጥኩ። ለድርጅቱ አስተባባሪ ደውዬ አስመለስኩት። ሰውዬው ተቀየሙኝ። በሁለተኛው በረራ ግን የልጅ ልጃቸው የሣለችውን አውሮፕላን ይዘውልኝ መጡ። ክንፉ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላው ከወረቀቱ ወጥቷል። እስካሁን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኪሎው። ይሄ ጨዋታ አይደለም። የኔ አውሮፕላን፣ ሴስና 182 የሚባለው፣ ሰው፣ ሻንጣና ነዳጅ ተደምሮ ወደ 1,100 ፓውንድ ነው የሚችለው። ታንኩን ሙሉ ብሞላው 87 ጋሎን ይይዛል። አንዱ ጋሎን 6 ፓውንድ ይመዝናል፤ 522 ሄደ ማለት ነው። የቀረው 578 ነው። እኔ 190 ነኝ። አንቺ 150 ነሽ እንበል፣ እማማ 140 ብለዋል። ሻንጣና የኔ ዕቃ 80 ቢሆን በወረቀት 560 መጣ፣ ይበቃል። እውነተኛው የእማማ ክብደት 175 ከሆነ ግን አለፍን። አውሮፕላን እንደ መኪና ዝቅ ብሎ አይሄድም፤ ማኮብኮቢያው ሲያልቅ ነው የሚነግርሽ። ቀድሜ ካወቅሁ ነዳጅ ቀንሼ እሞላለሁ፣ ጣጣ የለውም። ስለዚህ ክሊኒክ ስትሄዱ ሚዛን ላይ የወጣውን ቁጥር ከነርሷ ተቀብለሽ ጻፊ። እማማ ማወቅ የለባቸውም። ሻንጣውም ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ከኋላ አይገባልኝም።

አሳፋሪ ቢሆንም የሽንት ነገር ልናገር። ሽንት ቤት የለም። ስድስት የመኪና ሰዓት የሚፈጀው መንገድ በኔ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ለኩላሊት ውኃ ጠጪ የተባለች ሴት ይሄ ቀላል አይደለም። መሐል ላይ አርፈን መነሳት እንችላለን፣ ብቻ ቀድማችሁ ለፓይለቱ ንገሩት። ሁላችንም ለምደነዋል።

ጧት የምትነዳው፦

እኔ አላበርም፣ መኪና ነው የምነዳው። ከትንሿ አየር ማረፊያ ተቀብዬ ሆስፒታል ድረስ አደርሳለሁ። እኛም በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ማንም አያስታውሰንም እንጂ 😄 ፓይለቱ እንደሆነ አውርዷችሁ ይሄዳል። ከዚያ ማን ይቀበላችኋል? አሁኑኑ አስተባባሪዋን ጠይቂ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ትልቁ ኤርፖርት ሄዳችሁ እንዳትጠፉ። የግል አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሌላ በር አለ፤ አድራሻውን ለይተሽ ያዢ። አንዴ አንዲት እናት ከነልጃቸው በተሳሳተው በር ሰልፍ ሲጠብቁ ፓይለቱ በዚህኛው በር ሰዓቱን እያየ ሲንቆራጠጥ አይቻለሁ። በዚህኛው በኩል ሰልፍ የለም፤ ገብታችሁ ስማችሁን ትናገራላችሁ፣ ፓይለቱ እጃችሁን ይዞ ይወስዳችኋል።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። የቀኑን ብቻ ይዛ እንዳትወጣ። መመለሻው በአየር ጠባይ ምክንያት ሊሰረዝ ይችላል። እንደኛ ከሆነ ቢያንስ የሦስት ቀን ትርፍ ትያዝ፤ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን።

ጠርጣራው፦

ነጻ ነገር ያስፈራኛል። ትንንሽ አውሮፕላኖች ይወድቃሉ፣ በየጊዜው እንሰማለን። በሽተኛ ጭነው ደግሞ! ለምን በአምቡላንስ አውሮፕላን አትወስዷትም?

ባለ ሴስና፦

ወንድሜ፣ አምቡላንስ አውሮፕላን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ነርስ አለ፣ አልጋ አለ፣ ሂሳቡም ቤት ያስሸጣል። እኛ የምንወስደው ቁጭ ማለት የሚችል፣ በሰው እርዳታም ቢሆን ክንፉ ላይ ወይም ደረጃው ላይ መውጣት የሚችል፣ መንገድ ላይ ሕክምና የማያስፈልገው ሰው ነው። ሐኪሙ የሚፈርመው ለዚህ ነው።

ፍርሃትህን ግን አላጣጥልም። ትንሽ አውሮፕላን እንደ አየር መንገድ አውሮፕላን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም፤ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በ2011 እና በ2017 በሽተኞች የጫኑ የበጎ ፈቃድ በረራዎች ወድቀው ተሳፋሪም ፓይለትም ሞተዋል። ሁለቱም ጊዜ ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር። ከዚያ በ2019 የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሕጉን አጠበቀ። እነዚህን ታሪኮች እያንዳንዳችን ማወቅ አለብን እላለሁ። የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አይደለም። «በሽተኛው ቀጠሮ ያመልጠዋል» የሚለው ሐሳብ ነው። ፓይለቱ ያዝንና መብረር በማይገባው ቀን ይነሳል።

ስለዚህ ትልቋ ልጅ፣ ፓይለቱን «ካልተመቸህ ሰርዘው፣ እኛ ሌላ መንገድ አለን» በዪው። ደግሞም እውነት ይሁንልሽ፤ ሁለተኛ መንገድ አዘጋጂ። እኔን እንዲህ ያለኝ ተሳፋሪ ትልቅ ስጦታ ነው የሰጠኝ። ከፖስታ ይበልጣል።

ትልቋ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቆየሁ አይደል? ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በረራ ተሰረዘ። ፓይለቱ በዋዜማው ማታ ደወለ፤ ደመናው ውስጥ በረዶ አለ፣ ክንፉ ላይ ይጋገራል አለ። ያላችሁትን አልኩት፤ በስልኩ ውስጥ ሲተነፍስ ሰማሁት። ቀጠሮው በአምስት ቀን ተገፋ።

በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰውዬው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። እማዬን በእግር መርገጫው ደግፎ አስገባት፣ ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት፣ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀላት። አጠገቡ ከፊት አስቀመጣት! እኔ ከኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ እሷ መሪውን ስታይ ነበር። ትንሽ ተናጥን፤ «ኮረኮንች ነው» አለች በማዳመጫው። ፓይለቱ ምን አለች ብሎ አስተረጎመኝ።

ስንወርድ ፖስታውን አወጣች። እኔ እጇን ያዝኩ። «መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል» ስላት ፖስታውን ወዲያው እኔ ቦርሳ ውስጥ ወሸቀችው፣ ፖሊስ ያየ ይመስል ግራ ቀኝ እያማተረች። ከዚያ ሁለት እጁን ይዛ መረቀችው። ረጅም ምርቃት ነው፤ አጎንብሶ እስክትጨርስ ጠበቀ። በሌላኛው በር አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አስነስታ ትጠብቀን ነበር።

ውጤቷ ጥሩ ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ በወሩ ነው። ትናንት ፎርሙን እንደገና ስሞላ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ቁጥሩን አየችው። ዝም አለች። ኋላ «እሱ ከበረዶው በፊት የተመዘንኩት ነው፣ አሁን ቀንሻለሁ፣ አስተካክዪው» አለችኝ።