ሪዘርቭ ወታደር በጉዳት ጡረታ ሲወጣ ክፍያው እንዴት ነው የሚሰላው?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ አሜሪካ የአርሚ ሪዘርቭ (የተጠባባቂ ጦር) አባል ነው። በልምምድ ላይ ከከባድ መኪና ወድቆ ጀርባውና ጉልበቱ ተጎዳ። አሁን በጉዳት ጡረታ ሊያስወጡት ነው። የደብዳቤውን ፎቶ ልኮልኛል፤ አንድ ቦታ 70 በመቶ ይላል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ 40። ሥራው በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ነበር። እማዬ እዚህ ድሬ ሆና «ከዚያች ከሁለት ቀን ደመወዝ ምን ጡረታ ይወጣል?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ በእናታችሁ አስረዱኝ።

አቦ ከከዚራ፦
አይዞሽ እህቴ። 20 ዓመት ያልሞላው ሰው ከ30 በመቶ በታች የጉዳት መጠን ከተሰጠው አንድ ጊዜ ከፍለው ያሰናብቱታል። 40 ካለው ጡረታው አለ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እኔም በዚሁ መንገድ ወጥቼ ነው ሐረር የገባሁት። መጀመሪያ እማዬን አረጋጊልኝ። መነሻው የሁለት ቀን ክፍያ አይደለም። ልክ ሙሉ ጊዜ እንዳገለገለ ተቆጥሮ፣ የከፍተኛው 36 ወር መሠረታዊ ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለስሌት ያህል 4,000 ዶላር እንበል።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአገልግሎት ነው። የሪዘርቭ ዓመት በነጥብ ይቆጠራል፤ አንድ ቅዳሜና እሁድ አብዛኛውን ጊዜ 4 ነጥብ፣ በዓመት ለአባልነት 15፣ በሙሉ ጊዜ ግዳጅ ላይ በቀን 1። ጠቅላላው ለ360 ይካፈላል። 12 ዓመት የለፋ ልጅ 1,440 ነጥብ ቢኖረው 4 ዓመት ብቻ ይባላል። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል! 4 በ2.5 በመቶ 10 በመቶ ነው፤ 400 ዶላር።

ሁለተኛው በጉዳቱ ነው፤ 40 በመቶ፣ 1,600 ዶላር። የሚበልጠውን ነው የሚይዘው፣ ጣሪያው 75 በመቶ ነው። ሪዘርቩን የሚያድነው ይሄኛው ነው።

70ውን ግን ለጡረታው እንዳትቆጥሩት። ሠራዊቱ የሚይዘው ከአገልግሎት ያስወጣውን ጉዳት ብቻ ነው። የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን በአገልግሎት የመጣውን ሁሉ ይቆጥራል፤ 70ው የእሱ ነው። ደግሞ ጡረታውና የዚያ መሥሪያ ቤት የጉዳት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ተደራርበው አይከፈሉም። ከዚያኛው 1,000 ቢያገኝ ከጡረታው 1,000 ይቀነሳል፤ ያ 1,000 ግን ግብር የለበትም።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ጊዜያዊ ዝርዝር የሚባል ነገርም ጽፈውበታል።

የሸዋ በር ልጅ፦
ጉዳቱ ገና ካልረጋ ነው እዚያ የሚያስገቡት። እዚያ እስካለ ክፍያው ከ50 በመቶ አይወርድም፤ ማለት በኛ ስሌት 2,000። ኋላ መርምረው ይወስናሉ፣ ቀጠሮ እንዳያሳልፍ። የነጥብ መግለጫውንም አስወጥቶ ዓመት በዓመት ይየው። የጎደለ ካለ ከመፈረሙ በፊት ያስተካክል።