«መለመለ» ወይስ «አጠመደ»? ስለ ዳቢቅ ስተረጉም አንድ ቃል ያዘኝ

ሰምና ወርቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለወጣቶች የሚሆን ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አይኤስ በኢንተርኔት ይበትናቸው ስለነበሩ መጽሔቶች ነው። «ዳቢቅ» እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 15 ጊዜ ወጣ። «መጽሔቱ ወጣቶችን መለመለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጆሮዬ ግን እምቢ አለ። መልማይ ዓይቶ ነው የሚመርጥ። መጽሔት ማንን ያያል? እ.ኤ.አ. በ2015 ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን ያረደ ቡድን ስለሆነ ቃሉን አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም።

ዘጎጃም፦ እህቴ፣ አትቀይሪው። «መለመለ» የዛፍ ቃል ነው። ቅርንጫፉ ይመለመላል፣ ግንዱ ራቁቱን ይቀራል። እነሱም ልጁን ከእናቱ፣ ከጓደኛው፣ ከሰፈሩ ይቆርጡታል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 የወጣውን 7ኛውን እትም ተመልከቺ። በምዕራብ አገር ከጎረቤቱ ጋር በሰላም የሚኖረውን ሙስሊም «ግራጫው ቀጠና» ውስጥ ያለ ይሉታል። ያ ቀጠና ይጥፋ ነው የሚሉት። ወይ ከእኛ ጋር ሁን፣ ወይ ከነሱ። ይኸው መመልመል!

ፊደል ወዳድ፦ እኔ ደግሞ «መለመለ» እና «ለመለመ» አንድ ዘር ናቸው እላለሁ። የሚመለመለው እንዲለመልም አይደል?

የአቋቋም ልጅ፦ ወንድሜ፣ ተው። ቅኔ ቤት ዓመታት ቆይቻለሁ። ፊደል ስለተገላበጠ ዘር አንድ አይሆንም። ለጥያቄው ግን «አጠመደ» ይሻላል። ዳዊት ላይ «መሥገርት» የሚለውን አስቡ። ወፏን ማንም አይመርጣትም፤ ወጥመዱ ተዘርግቶ ይጠብቃታል። መጽሔቱም እንደዚያው ነው። ማታ ብቻውን ስልኩን የሚነካካ ልጅ ራሱ ይመጣል።

ፊደል ወዳድ፦ መምህር፣ ቅኔ ቤት መቆየት ማስረጃ አይሆንም። ዘራቸው የሚለያይበትን ያሳዩን።

ከሐረር፦ ስሙም ወጥመድ ነበር። ዳቢቅ በሰሜን ሶርያ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፉ ንግግሮች፣ ከዘመን ፍጻሜ ጦርነት ጋር ተነስታለች። ስሟን መጽሔት ላይ ለጠፉት፣ አንባቢው ትንቢት ደረሰ እንዲል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 «ሩሚያህ» የሚል ሌላ መጽሔት አወጡ፤ ሮም ማለት ነው። በወሩ ዳቢቅ ከተማ ከእጃቸው ወጣች። የሃይማኖታችን ቃል እንዲህ ሲነጠቅ እኛን ሙስሊሞችን ከማንም በላይ ያመናል።

ዘጎጃም፦ ከድሮም «አጠመደ» ለፈንጂ ነው እኮ።

የአቋቋም ልጅ፦ እሱም ይገጥማል! የየመኑ አልቃይዳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ «ኢንስፓየር» የሚባል መጽሔት ነበረው። የቦምብ አሠራር ሁሉ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ቦስተን ላይ ማራቶን ያፈነዱት ወንድማማቾች ከዚያ እንደተማሩ ታናሹ ለመርማሪዎች ተናግሯል። አንዱ ገጽ ልጁን አጠመደ፣ ሌላው ገጽ ፈንጂ ማጥመድ አስተማረው።

ፊደል ወዳድ፦ መነሻው ግን «ጠመደ» ነው፤ በሬ መጥመድ። ጥማድ ሁለት ይፈልጋል። ልጁ ከማን ጋር ተጠመደ?

ሰምና ወርቅ፦ ነገ ማስረከብ አለብኝ። «መለመለ» ይሁን ወይስ «አጠመደ»?

የአቋቋም ልጅ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የጥማዱ ይለይ። «ጠመደ» እና «አጠመደ» አንድ ቤት አያድሩም።