ክርክር፦ ስቶክሆልም ላይ እጅ መንፈጋቸው ልክ ነበር?

አወያይ፦ ትናንት ማታ ሩሲያ ከዓለም የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮና ስለመታገዷ ስንጨዋወት አሰልጣኙ «ከጨዋታ በኋላ እጅ የማይጨብጥ ስፖርተኛ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ስቶክሆልም ያለው ወንድማችን የ1969ኙን የቼኮስሎቫኪያ ቡድን ሲያነሳበት ነገሩ ተካረረ፤ ስለዚህ ዛሬ ለብቻው እናንሳው። ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ በኦገስት 1968 የሶቪየት ኅብረትና የአጋሮቿ ታንኮች ቼኮስሎቫኪያን ወረሩ። የ1969 ሻምፒዮና ፕራግ ላይ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር፤ ቼኮዎቹ አናዘጋጅም ብለው መለሱት፣ ስቶክሆልም ተረከበችው። እዚያ ወራሪና ተወራሪ ሁለት ጊዜ ተገናኙ። ቼኮስሎቫኪያ ማርች 21 ቀን 2 ለ 0፣ ማርች 28 ቀን ደግሞ 4 ለ 3 አሸነፈች። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቿ የሶቪየቶቹን እጅ አልጨበጡም። ልክ ነበሩ?

አሰልጣኝ፦ ያልኩትን አላጥፍም። እኔ በየቅዳሜው 22 ታዳጊዎች ይዤ ሜዳ እወጣለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ተሰልፈው ይጨባበጣሉ። አንዳንዱ ተሸንፎ እያለቀሰ፣ አፍንጫውን በማልያው እየጠረገ ነው የሚጨብጠው። ለእኔ ከጎሉ ሁሉ ያቺ ትበልጣለች። ወደ ስቶክሆልም ስንመጣ፣ የሶቪየቱ ተጫዋች ቫሌሪ ካርላሞቭ ያኔ 21 ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ታንኩን ያዘዘው የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ እንጂ ካርላሞቭ አይደለም። ያባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እንኳ ይከብደኛል፣ የመንግሥት ዕዳ ለተጫዋች ሲሆንማ እንዴት ዝም እላለሁ?

ስቶክሆልም፦ አሰልጣኝ፣ ልጆቹን ስለምታስተምረው ነገር አከብርሃለሁ። እኔ ግን ያ ጨዋታ የተደረገበትን አዳራሽ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ግሎበን ባቡር ጣቢያ ስትወርድ ትልቁ ነጭ ክብ አዳራሽ ስለሚጋርደው ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዛሬ ሆቬት ይባላል፣ ያኔ ዮሃነስሆቭ ነበር። ያን ጊዜ ተመልካቹ «ዛሬ ታንክም አያድናችሁም» የሚል ጽሑፍ ይዞ ገብቷል።

አንድ ነገር ልንገርህ። የቼኮስሎቫኪያ ማልያ ደረቱ ላይ አንበሳ አለበት፤ ድሮ ዘውድ የነበረበት የአንበሳው ራስ ላይ ኮሚኒስቶቹ ቀይ ኮከብ አስቀመጡበት። ከተጫዋቾቹ አንዳንዶቹ ኮከቧን በፕላስተር ሸፍነው ነው ወደ በረዶው የወጡት። እስቲ አስበው፦ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብሎ፣ ከፕላስተሩ ጥቅል ጣት የምታህል ቀዶ፣ ደረቱ ላይ ሲለጥፍ። አገሩ ውስጥ የውጭ ጦር ሰፍሯል፣ ጋዜጣው አፉ እየተለጎመ ነው፤ በእጁ ያለው ዱላውና ያቺ ቁራጭ ፕላስተር ብቻ ናት። ካርላሞቭ አላዘዘም፣ እውነትህን ነው። ግን ክለቡ ማን ነው? የሶቪየት ጦር ሠራዊት ማዕከላዊ የስፖርት ክለብ! ፊርሶቭን፣ ራጉሊንን ጨምሮ የቡድኑ ዋና ዋና ተጫዋቾች የዚያ ክለብ ልጆች ነበሩ። ከተማህ የገባው ጦርና ፊትህ የቆመው አጥቂ ደሞዝ የሚቆርጥላቸው አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

አሰልጣኝ፦ እዚያ አገር ጎበዝ ሆኪ ተጫዋች ከሆንክ የጦሩ ክለብ ይወስድሃል፣ «አልፈልግም» ማለት ቀላል አልነበረም። ፕላስተሩን በተመለከተ አልከራከርህም፤ ማልያው የራሳቸው ነው፣ ኮከቧም በራሳቸው ደረት ላይ ናት። የእኔ ነገር እጁ ነው። እጅ የሌላ ሰው ፊት ነው የሚከለከለው።

የፕራግ ነዋሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አገር ስትኖሩ በሆኪ ውስጥ ፖለቲካን መጀመሪያ ያስገባው ማን እንደሆነ ትሰማላችሁ። የቼኮስሎቫኪያ ቡድን በ1947 እና በ1949 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በማርች 1950 ለንደን ላይ ዋንጫውን ሊከላከል ሲል ጉዞው ተከለከለ፤ ወዲያው ተጫዋቾቹ ተያዙ። ከአገር ሊኮበልሉ ነው ተብለው በአገር ክህደት ተከሰሱ። በረኛው ቦሁሚል ሞድሪ 15 ዓመት ተፈረደበት። ወደ ያኺሞቭ የዩራኒየም ማዕድን ተላከ፤ የዓለም ምርጥ ከሚባሉት በረኞች አንዱ የነበረ ሰው! ከተፈታ በኋላም ጤናው አልተመለሰም፣ በ1963 ገና 50 ሳይሞላው ሞተ። የ1969 ተጫዋቾች ይህን እያወቁ ያደጉ ናቸው። አገዛዙ የማይወደውን ነገር ሜዳ ላይ ማድረግ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ያውቁታል፤ እያወቁ ነው እጃቸውን የሰበሰቡት። ይህን «ስነ ምግባር ጎደላቸው» ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ስለ ማርች 28 ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዳለቀ ሰው ኮቱን ሳይደርብ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ ይላሉ። ባለቤታቸው ከልጃቸው የትምህርት ቦርሳ ጠመኔ አውጥቶ በራቸው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ 4:3 ብሎ ጻፈ። ሌላ ምንም ቃል አልጨመረም፣ አላስፈለገምም።

ታሪክ ተማሪ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ክብር ነው። ዋጋውን ግን ማን ከፈለ? በዚያች ሌሊት ፕራግ ውስጥ ቫክላቭ አደባባይ ላይ ብቻ ወደ 150,000 ሰው ወጣ፤ በአገሪቱ ሁሉ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ። የሶቪየቱ አየር መንገድ የኤሮፍሎት ቢሮ ተሰባበረ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ተቃጠለ። በየከተማው የሶቪየት ጦር ሰፈሮች በድንጋይ ተደበደቡ። ከዚያስ? የሶቪየቱ መከላከያ ሚኒስትር ማርሻል ግሬችኮ በቀናት ውስጥ ፕራግ ደርሶ «እናንተ ሥርዓት ካላስከበራችሁ እኛ እናስከብራለን» የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። ሳንሱሩ ጠበቀ። ኤፕሪል 17 ቀን የለውጥ መሪው ዱብቼክ ከኮሚኒስት ፓርቲው መሪነት ወርዶ ሁሳክ ተተካ። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ሙሉ ጨለማ! ተጫዋቾቹ ጀግኖች ናቸው፣ አልክድም። ነገር ግን በአፈሙዝ ፊት የቆመ ሕዝብ ስሜቱን እንዲህ መኮርኮር ብልህነት ነበር ወይ? ጥያቄዬ ይኸ ነው።

የፕራግ ነዋሪ፦ ስለ ኤሮፍሎት ቢሮ ስትናገር አንዱን ነገር ዘለልከው። ከጨዋታው በፊት ከቢሮው ደጃፍ የመንገድ ንጣፍ ድንጋይ ተከምሮ ነበር። በቫክላቭ አደባባይ፣ በትክክል በሶቪየት አየር መንገድ መስኮት ፊት ለፊት፣ ልክ በዚያ ቀን! የምስጢር ፖሊስ እጅ እንዳለበት ብዙ የታሪክ ሰዎች ያምናሉ። ዱብቼክን ለማውረድ ሞስኮ ከኦገስት ጀምሮ እየጠበቀች ነበር፤ ሰበብ ፈላጊ ሰበብ አያጣም። ሆኪ ባይሆን ሌላ ይሆን ነበር። ያን ፓላክ የሚባለው ተማሪ ጃንዋሪ ላይ በዚያው አደባባይ ራሱን ያቃጠለው በሆኪ ምክንያት አይደለም። ደግሞስ ወንድሜ፣ ሕዝቡን አደባባይ ያወጣው ድሉ እንጂ መጨባበጥ መቅረቱ አይደለም። እንግዲህ ሆን ብለው ይሸነፉ ነበር?

ታሪክ ተማሪ፦ ድንጋዩ ላይ ተሸንፌያለሁ፣ እቀበላለሁ። ይሸነፉም አላልኩም። ሰበብ የሚፈልግ ጠላት ሲኖርህ ግን ሰበቡን ማሳነስ ያንተ ፈንታ ነው የሚለው ሐሳቤ አልተነቃነቀም።

አዲስ ገባሁ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁለቱንም ጊዜ ካሸነፉ ዋንጫውንም እነሱ ወሰዱ ማለት ነው?

ስቶክሆልም፦ አልወሰዱም! የሚያንገበግበውም እሱ ነው። ስድስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የተጋጠሙት። ቼኮስሎቫኪያ ሶቪየትን ሁለቴ አሸነፈች፣ ሶቪየት ስዊድንን ሁለቴ፣ ስዊድን ደግሞ ቼኮስሎቫኪያን ሁለቴ። ሦስቱም በእኩል 16 ነጥብ ጨረሱ። በጎል ልዩነት ተለያዩ፣ ሶቪየቶች አሜሪካን 17 ለ 2 ያደቀቁ ናቸውና ወርቁ የእነሱ ሆነ። ስዊድን ብር፣ ቼኮስሎቫኪያ ነሐስ። በመጨረሻው ቀን ስዊድንን ቢያሸንፉ ኖሮ ሻምፒዮን ነበሩ፤ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ያን ሁሉ ጉልበትና ነርቭ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሰውት ነበር ብዬ አስባለሁ። ለሕዝቡ ግን ያ ነሐስ ምን እንደነበር የጎረቤቷ ባል ጠመኔ ይናገራል። ታዋቂው የቼክ ሆኪ ተጫዋች ያሮሚር ያግር እንኳ ለዓመታት 68 ቁጥር ለብሶ የተጫወተው የወረራው ዓመት 1968 እንዳይረሳ ብሎ ነው፤ እሱ እኮ የተወለደው በ1972 ነው።

የድሮ ሯጭ፦ ልጆቼ፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርምና ትንሽ ታገሡኝ። ሆኪ አላውቅም፤ በደርግ ጊዜ ግን በአንድ ክለብ ሯጭ ነበርኩ። ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙ ሲባል እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። በ1976 አገራችን ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች፤ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ አገር ሄዶ በመጫወቱ አፍሪካ አድማ መታ። ምሩጽ ይፍጠር ጉልበቱ ሙሉ በሆነበት ሰዓት ቀረ። ያ ቢያንስ የወንድሞቻችን የደቡብ አፍሪካውያን ጉዳይ ነበር። በ1984 ግን ሞስኮን ተከትለን ከሎስ አንጀለስ ቀረን፤ በ1988 ሰሜን ኮሪያን ደግፈን ከሶል ቀረን። በላይነህ ዲንሳሞ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ሮተርዳም ውስጥ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። የኦሊምፒኩ ማራቶን ያለ እሱ ተሮጠ።

የክለባችን ልጆች ያን ዓመት ልምምድ አላቋረጡም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው፣ በብርዱ፣ ጫማቸው ተቀዶ በክር ሰፍተውት ይሮጡ ነበር። «ትቀራላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው የለም። አሰልጣኝ፣ ልዩነቱን እዚህ ላይ እይልኝ። የእኛ ልጆች ላይ መንግሥት ፖለቲካውን ጫነባቸው። ቼኮዎቹ ላይ ግን ማንም «እጅ አትጨብጡ» አላለም፤ እንዲያውም በላያቸው ያለው ሁሉ እንዲጨብጡ ነበር የሚፈልገው። ያችን እጅ ከማንም ሳይጠይቁ ራሳቸው ሰበሰቧት። ሯጭ ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። እግርህም ሳንባህም የመንግሥት ሲሆን፣ «ይህቺ እንኳ የራሴ ናት» የምትለው አንድ ነገር መኖሩ።

አሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እውነቱን ልናገር፣ እጁን ከዚህ በኩል አይቼው አላውቅም። አሁንም ካርላሞቭን አስቤ ያመኛል፤ የተዘረጋ እጅ ባዶውን ሲመለስ ደስ የሚለው ሰው የለም። ግን «ስፖርተኛ አይደሉም» ያልኩትን አነሳለሁ። ስፖርተኞች ነበሩ። ተጫውተው፣ በሕጉ አሸንፈው፣ ከዚያ በኋላ ነው እምቢ ያሉት።

የፕራግ ነዋሪ፦ እንግዲያው የትናንቱ ጥያቄም ተመለሰ። የዓለም የበረዶ ሆኪ ፌዴሬሽን በ2022 ሩሲያንና ቤላሩስን ማገዱ ልክ ነው። ከዚያ በፊት የ2021 ሻምፒዮና በከፊል በቤላሩስ ዋና ከተማ ሚንስክ ላይ ሊደረግ የነበረውን አስታውሱ፤ የመኪና አምራቹ ስኮዳ ስፖንሰርነቴን አቋርጣለሁ ካለ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው ከዚያ የተነሳው። ተጫዋች ብቻውን መልበሻ ክፍል ቁጭ ብሎ ፕላስተር እንዲቀድ ከሚተው፣ ተቋማቱ ሸክሙን ቢወስዱለት አይሻልም?

የድሮ ሯጭ፦ እዚህ ላይ እንለያያለን እህቴ። የቀረ ሯጭ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፣ በማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፦ ሶቪየቶች በ1969 ታግደው ቢሆን ኖሮ 4 ለ 3 የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ጎረቤትሽም ግድግዳው ላይ የሚጽፉት አይኖራቸውም። ያን ሕዝብ ቀና ያደረገው መጫወታቸው ነው።

የፕራግ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምመልሰው። አዎ፣ ተጫወቱ፣ አሸነፉም። ወርቁን ግን ሶቪየቶች ይዘው ሄዱ፣ ዱብቼክ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወረደ፣ የመጨረሻው የሶቪየት ወታደር ከዚህ አገር የወጣው በጁን 1991 ነው። ጎረቤቴ ያን ጠመኔ ባለቤታቸው በማግሥቱ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ እንዳጠፋው ነግረውኛል፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባታ።